የይፋግ ልጆች ደብረ ታቦር ላይ

ይፋግን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታን አልፋችሁ፣ ርብን ተሻግራችሁ፣ አዲስ ዘመን ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ ሲባል ሰው የሚያስበው ገበያዋን ነበር። የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ የሚገናኝባት፣ አሞሌ ጨው የሚቆጠርባት፣ ጥጥ የሚመዘንባት አገር ነበረች። እኛ ስንደርስ ያ ሁሉ በሽማግሌዎች አፍ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቢሆንም የገበያ ልጅ የገበያ ልጅ ነው፤ ድምፅ ይወዳል። የበቅሎ ቃጭል፣ የአዝማሪ መሰንቆ፣ የለማኝ ዜማ፣ ሁሉም በደጃችን ያልፍ ነበር። ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ ሁሉንም እየተከተልን አደግን።

ክረምት ሲገባ ግን መንደሩ ዝም ይላል። የፎገራ ሜዳ ውኃ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ገበያተኛው ይሳሳል። ያን ዝምታ የምንሰብረው እኛ ነበርን፤ በጅራፍ። ሐምሌ ሲጋመስ ልጡን ልጠን፣ ቃጫውን ለምነን፣ ግመዳ እንጀምራለን። ከብት ጥበቃ ላይ ሆነን አንዱ ከወዲህ ጉብታ ሲያጮኸው ሌላው ከወዲያ ማዶ ይመልስለታል። ጅራፉን አጩሆ መልስ ያጣ ልጅ ደጋግሞ ያጮኻል፤ እስኪመለስለት ድረስ ወደ ቤቱ አይገባም። ዛሬ ሳስበው ስለ ዘፈን የማውቀውን ሁሉ የጀመርኩት እዚያ ጉብታ ላይ ይመስለኛል።

ከጓደኞቼ አንዱ የቄስ ልጅ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም ይማር ነበር። «አያ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እኛም አብረን «አያ» አልነው። አያ ለፋሲካ ሲመጣ ስለ ደብረ ታቦር ቡሄ ሲያወራልን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። በዓሉ ራሱ ደብረ ታቦር ነው የሚባለው፣ ከተማውም ደብረ ታቦር። ጌታ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት፣ ነሐሴ 13፣ ስሙን ከያዘው ከተማ ውጭ የት ሊደምቅ ይችላል? የልጅ አእምሯችን እንዲህ ነበር የሚያስበው። ስለዚህ አንድ ክረምት አራት ሆነን እናቶቻችንን ወጥረን ያዝን። ክርክሩ ብዙ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የቄሱ ሚስት «እኔ ልጄን ከሰደድኩ የእናንተስ ምን ይሆናል?» ብለው ሌሎቹን እናቶች አስማሙልን። ደብረ ታቦር የምትኖር እህታቸው ቤት እንድናድር ተወሰነ። እናቴ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ የአባቴንም አሮጌ ጋቢ አጣጥፋ ሰጠችኝ። በዚያ ሙቀት ጋቢውን ለምን እንደምሸከም አልገባኝም ነበር።

ወረታ ድረስ በአንድ መኪና፣ ከወረታ ወዲያ ጤፍ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። መንገዱን ሰው ሁሉ የቻይና መንገድ ይለዋል፤ ከወረታ ወልድያ ድረስ ቻይናዎች የሠሩት ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለእኛ ግን ሌላ አገር መሻገር ነበር። አለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው የሜዳው የረግረግ ሽታ ከኋላችን ቀረ። በምትኩ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የእርጥብ አፈርና የማገዶ ጭስ ሽታ መጣ። ጉም መንገዱ ላይ ተኝቶ ሹፌሩ በቀን መብራት አበራ። አንዱ ጓደኛችን ጥርሱ እየተንገጫገጨ መዝፈን ጀመረ፤ ብርዱን ለመርሳት እኛም ተቀበልነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጤፉን ተደግፈው አዳመጡን፤ ከዚያ በወፍራም ድምፅ አብረውን ገቡ። ስማቸውን አላወቅንም፤ እሳቸውም የእኛን አልጠየቁም። ደብረ ታቦር እስክንገባ ግን ዘፈኑ አልተቋረጠም። እዚያ ስደርስ የአባቴን ጋቢ ለብሼ ነበር።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በነሐሴ ደግሞ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። የጓደኛችን አክስት ደጃፍ ላይ ጠብቀውን በሩን እንዳለፍን ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረቡ። «ኑ ልጆቼ፣ ብርድ ገድሏችኋል፤ እግራችሁን አምጡ» አሉና የአራታችንንም እግር በየተራ በእጃቸው አጠቡ። አፍሬ እግሬን ልሰበስብ ስል «በሞቴ!» ብለው ያዙኝ። ቤቱ በሙልሙል ሽታ ተሞልቶ ነበር። የስንዴ ሊጡ ምጣዱ ላይ እየተነፋ፣ ጠርዙ እየጠቆረ፣ ሴቶቹ በጭሱ መሃል እየተሳሳቁ ይጋግራሉ። ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፤ ከምጣዱ ወርዶ እንፋሎቱ የሚተን ሙልሙልና አዲስ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ግን ነበር። እንደዚያ የጣመኝ ፍስክ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ማታ፣ ማለትም ነሐሴ 12 አመሻሹ ላይ፣ ችቦው ወጣ። በየደጃፉ አንድ እሳት፣ ከእሳቱ ዙሪያ አንድ ቤተሰብ። የጓደኛችን አክስት ታሪኩን እንደ አዲስ ነገሩን። በታቦር ተራራ ዙሪያ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ብርሃኑን አይተው መምሸት መንጋቱን ሳያውቁ ስለዋሉ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። ጅራፉም ያን ቀን ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ ማስታወሻ ነው አሉን። እኛ እረኞች ነበርንና ታሪኩ የእኛ ታሪክ መሰለን። የሚፈልጉን ወላጆች በዚያ ሰዓት ይፋግ ሆነው እንደሚያስቡን አውቄ ሆዴ ትንሽ ባባ። ብዙም አልቆየም፤ ሆያ ሆዬው ተጀመረ።

የሰፈሩ ልጆች መጀመሪያ ገለል አድርገውን ነበር። የማናቸው? ከየት መጡ? ይፋግ ስንላቸው «ቆላ!» ብለው ተሳሳቁ። ከዚያ አውጪው፣ ረዘም ያለ፣ ድምፁ የሻከረ ልጅ፣ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ ዘፈኑን ጀመረ። እኛ ሳናስብ ተቀበልነው። የአገራችን አቀባበል ረገጥ ያለ ስለነበር ድምፁ ከመሬት የወጣ ያህል ጎላ። ልጁ ዘወር ብሎ አየንና «እነዚህ ይምጡ፤ አቀባበል ያውቃሉ» አለ። በቃ፣ የሰፈሩ ልጆች ሆንን። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ስንዞር ማን የይፋግ ማን የደብረ ታቦር እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

ሆያ ሆዬ ያለ ተቀባይ ምንም ነው። አውጪው ቤቱን ያሞግሳል፣ ጌትዬውን ያወድሳል፣ እመቤቲቱን ይለማመጣል፤ ግን ግጥሙ ጸንቶ የሚቆመው ከኋላ ያሉት ባንድ ድምፅ ሲመልሱለትና ዱላቸውን ባንድ ላይ ሲያወርዱ ነው። ተቀባዮቹ ከደከሙ አውጪው ቃል ይጠፋዋል። ከበረቱለት ግን ከየት እንደሚያመጣው የማያውቀው ግጥም ይመጣለታል። ያን ማታ ይህን በዓይኔ አየሁ። አንድ ደሳሳ ቤት ደጅ ላይ ስንደርስ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ወጡ። ሙልሙል አልነበራቸውም። «ልጆቼ፣ ዘንድሮ አልጋገርኩም፤ የምሰጣችሁ የለኝም» አሉ። አውጪው አልቆመም፤ እንዲያውም ድምፁን ለስለስ አድርጎ ረዥሙን፣ ያማረውን ግጥም ለእሳቸው አወጣ። እኛም ከሁሉ አስበልጠን ተቀበልን። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ቁመን እስክንሰለች መረቁን። «ለዓመቱ ያድርሳችሁ፤ ክፉ አይንካችሁ፤ ድምፃችሁን አያጥፋው።» ያን ማታ ከሰበሰብነው ሁሉ ያ ምርቃት ነው አብሮኝ የቀረው።

ሌሊቱን አያ መጥቶ ቀሰቀሰን። ማሕሌት ቆሞ ነበር። ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የዕጣኑ ጢስና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለን። ደብተራዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ጸናጽሉ በቀስታ ይሰማ ነበር። ከአንደኛው ወገን የተነሣውን ዜማ ሌላው ወገን ይቀበለዋል። ከዚያ ዝማሜው ተጀመረና መቋሚያዎቹ ሁሉ ባንድነት ግራ፣ ከዚያ ቀኝ ሲያዘነብሉ የሁላችንም ትንፋሽ ቆመ። አያ ቀስ ብሎ በጆሯችን ነገረን። ይህ የተክሌ አቋቋም ይባላል፤ ያመጡት የፎገራው፣ የናበጋ ጊዮርጊሱ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። በጣና ዳር የቆመ ደንገል በነፋስ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አይተው ነው ይህን ዝማሜ ያሰቡት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት መጀመሪያ አልተቀበሏቸውም፤ ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር አስተምሮ አስፋፋው፤ ስሙም በእሱ ጸና።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን በቃል ለመግለጽ እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። ያን ደንገል እኔ አውቀዋለሁ! ከአባቴ ጋር ወደ ጣና ዳር ስንወርድ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድነት ሲያጎነብስ፣ ነፋሱ ሲያልፍ ባንድነት ቀና ሲል አይቼዋለሁ። አለቃ ገብረ ሐናን ሰው ሁሉ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የተዋወቅኋቸው በዚያ ሌሊት፣ የእኛን አገር ነፋስና ደንገል ወደ ቤተ መቅደስ ያስገቡ ሰው ሆነው ነው። ጓደኞቼ ላይ ተደግፌ፣ ከበሮው ደረቴ ላይ እየመታ፣ ጽፋቱና ወረቡ እየተፋፋመ ሲሄድ ጎህ ቀደደ። አንዱ ጓደኛችን ቆሞ እንቅልፍ ወስዶት ሁለታችን ከግራና ከቀኝ ደግፈን ይዘነው ነበር።

በማግስቱ፣ በበዓሉ ዕለት፣ ሜዳው የጅራፍ ሆነ። የእኛ ጅራፍ ከደብረ ታቦሮች ጅራፍ ጋር ሲወዳደር ቀጭን ነበር፤ የእነሱ ሲጮህ ከተራራው ይመለሳል። ጎረምሶቹ ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው እየተገራረፉ፣ ሴቶቹ ከዳር እልልታቸውን እያቀለጡት፣ ጉሙ አንዴ ይገለጥ አንዴ ይከደን ነበር። ቀትር ላይ ሲገለጥ ጉና ታየን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ከነጥቁር ደመናው። በከተማው አቅራቢያ ደግሞ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ስፍራ። የቄሱ ልጅ ይህን ሁሉ ከወንድሙ ሰምቶ ስለነበር በየደቂቃው እየጠቆመ ያስረዳን ነበር። እኛ የበለጠ የምናየው ግን ማታ አብረውን የዘፈኑትን የሰፈር ልጆች ነበር። በቀን ብርሃን ፊታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየነው። በጨለማ በድምፅ የተዋወቁት ሰው በብርሃን ሲገኝ እንዴት ደስ እንደሚል! ረዥሙ አውጪ ከሙልሙሉ ቆርሶ አካፈለን። ስንለያይ «ለመርቆርዮስ ኑ» አለን፤ «ያኔ ደግሞ ፈረስ አለ፣ መሰንቆ አለ።»

ሄድን። ጥር 25፣ መርቆርዮስ፣ ደብረ ታቦር የፈረስ አገር መሆኗን የምታሳይበት ቀን ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ የደረቀ፣ የፈረሱ ጌጥ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ፣ የጉግሱ አቧራ የሚጨስበት። ፉከራውና ቀረርቶው ሲነሣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጎልቶ የሚታየኝ ከሜዳው ወጣ ብሎ ካለ ጠላ ቤት ያየሁት አዝማሪ ነው። ገበያ ላይ መሰንቆ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ቀርቤ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። የፍየል ቆዳው፣ የፈረስ ጭራው፣ ደጋኑ ሲሄድና ሲመለስ የሚያሰማው የእንባ ድምፅ። የጌሾ፣ የተቆላ እህልና የአቧራ ሽታ ባለበት፣ ልጆች መሆናችንን አይተው ሳያባርሩን ጥግ ላይ አስቀመጡን፤ ቂጣና ውኃ ሰጡን።

አንድ የሸበቱ ጋሼ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ነገርናቸው። ወደ አዝማሪው ዘወር አሉና «ተቀበል!» አሉት፤

ቆላውን ትቶ ከይፋግ ሜዳ፣
መሰንቆ ጠርቶት መጣ እንግዳ።

አዝማሪው ቃሉን ከአፋቸው ወስዶ፣ አዙሮ፣ አስረዝሞ፣ በመሰንቆው አልቅሶበት መለሰው። ቤቱ በሙሉ ወደ እኛ ዞሮ አጨበጨበ። በሕይወቴ ግጥም ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሽማግሌው ቃል ብቻውን ተራ ቃል ነበር፤ የአዝማሪውም ዜማ ያለ ቃል ባዶ በሆነ ነበር። አንዱ ሲሰጥና ሌላው ሲቀበል ግን አራት አቧራ የለበሱ የይፋግ ልጆች ለአፍታ የቤቱ ትልቅ እንግዶች ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ውኃ በርብ ወረደ። ከአራታችን አንዱ አሜሪካ ነው፤ የሌሊት ሥራውን ሲጨርስ ይደውልልኛል። የቄሱ ልጅ የወንድሙን መንገድ ተከትሎ ዛሬ እሱም ያስተምራል። አንዱ አዲስ ዘመን ላይ ሱቅ አለው። ለረዥም ጊዜ ከምናወራው ውስጥ ግማሹ ያ ቡሄ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ ወደ ጉና ሲጠጋ ግን ወሬያችን ተለወጠ። በዚያ ነሐሴ ከደብረ ታቦር በኩል የምናዳምጠው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ወሬ ሆነ። ከዚያም ወዲህ የአገራችን መንገድ ሰው እንዳሻው በአይሱዙ ላይ ተቀምጦ እየዘፈነ የሚወጣበት መንገድ አልሆነም። እናት ልጇን ቆሎ ቋጥራ ለበዓል ብቻውን መላክ የምትችልበት ሰላም ምን ያህል ትልቅ ሀብት እንደነበር ያኔ ማን ያስብ ነበር! የእናቶቻችን ክርክር ስለ ብርድና ስለ ጭቃ ብቻ ነበር። እንዲያ ላለው ክርክር የሚያበቃ ጊዜ ዳግመኛ እንዲመጣ ከልቤ እመኛለሁ።

በዓሉም ተለውጧል። ቡሄ ዛሬ መድረክ አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሰ የባህል ቡድን አለው። ደስ ይላል፤ የተረሳ ነገር ሰው ሲያነሣው ደስ ይላል። አዲስ አበባም ብዙ ኮንሰርት ገብቻለሁ፤ መብራቱም ድምፁም ሸጋ ነው። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ሺው ሰው ባንድ ድምፅ የሚመልስለት ጊዜ ሲመጣ ፀጉሬ ይቆማል። ያን ነገር አውቀዋለሁ። ያቺ በጨለማ፣ በጭቃ ላይ፣ ዱላ ባንድ ላይ ስናወርድ የተሰማችኝ ነገር ናት። የሚያሳዝነኝ እዚያው መሃል ብዙ እጅ ስልክ ይዞ መቅረጹ ነው። ቀራጭ ዘፈኑን ይዞ ይሄዳል፣ ተቀባይ ግን ዘፈኑን ደግፎ ያቆማል። እኛ ያን ማታ የቀረጽነው ምንም የለም፤ ቢሆንም ረዥሙ አውጪ ድምፁ እንዴት እንደሻከረ፣ ዱላው መሬቱን ሲመታ ጭቃው እንዴት እንደሚረጭ፣ ስልክ ከሚይዘው በላይ ሦስት ጓደኞቼ ይዘውልኛል። እኔ የረሳሁትን አንዱ ያስታውሰኛል፤ እሱ የዘለለውን ሌላው ይሞላል።

አሁን በምኖርበት ሰፈር ነሐሴ ሲጋመስ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ይመጣሉ። ጎረቤቶቼ ሩኅሩኆች ናቸው፤ በር ከፈት አድርገው ብር ይሰጣሉ፤ ልጆቹም አመስግነው ይሄዳሉ። ግጥሙ ግን ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ያልቃል፤ ብሩ ቶሎ ስለሚመጣ ረዥሙን ግጥም የሚጠይቃቸው የለም። እኔ ወጥቼ ከኋላቸው እቆማለሁ። መጀመሪያ ይገረማሉ፤ አዋቂ ሰው ሲቀበላቸው አይተው አያውቁም። ከዚያ አውጪው ልጅ ቀና ይላል፣ ድምፁን ይሞርዳል፣ ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ እሱም የማያውቀው ግጥም ይመጣለታል። ደብረ ታቦር ላይ ያየሁት ሁሉ፣ በሆያ ሆዬውም፣ በማሕሌቱም፣ በመሰንቆውም፣ ይኸው ነበር፤ ዘፈንን የሚያሳድገው የሚመልስለት ሰው ነው። እናንተም ዘንድሮ ልጆቹ ደጃችሁ ሲመጡ ሙልሙሉን ወይም ብሩን ትንሽ አቆዩትና ወጥታችሁ ተቀበሏቸው። ረዥሙን ግጥም እንዲያወጡት የሚፈልግ ሰው እንዳለ ይወቁ።